ነፋስ፣ እሳት፣ ውሃ፣ መሬት፦ አራቱን ባሕርያት በውዝዋዜ፣ በሙዚቃና በቪዲዮ መድረክ ላይ ለማውጣት ዝርዝር መመሪያ

ሀሳቡ ሲነሳ ሁሌም ያምራል። አራቱን ባሕርያት በውዝዋዜ፣ በቀጥታ ሙዚቃና በቪዲዮ እናሳይ ይባላል። ልምምድ ላይም ያምራል። ቀኑ ሲደርስ ግን ቪዲዮው በመድረኩ መብራት ይዋጣል። ዋሽንቱና የተቀዳው ሙዚቃ አይገጥሙም። ተወዛዋዦቹን የገዛ ጥላቸው ግድግዳው ላይ ሲያሳድዳቸው ይታያል።

እኔም ወድቄበታለሁ። የመጀመሪያው ዝግጅታችን እሳት ክፍል ላይ ያለንን ሁሉ በአንዴ ለቀቅነው። ግድግዳ የሞላ ነበልባል፣ ቀይ መብራት፣ ስድስት ተወዛዋዥ፣ ከበሮ፣ ክራር፣ ኪቦርድ። ሲያልቅ አክስቴ መጥታ ሳመችኝና "ልጄ፣ ጎበዝ! ግን ማንን ልይ?" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱን ክፍል ስሠራ የምጠይቀው ይህንኑ ነው።

መመሪያው የሚያገለግለው ከ6 እስከ 8 ተወዛዋዥ፣ 4 ሙዚቀኛ፣ አንድ ፕሮጀክተርና አንድ መለስተኛ አዳራሽ ላለው ቡድን ነው። ርዝመቱ 25 ደቂቃ ገደማ፣ ዝግጅቱ 8 ሳምንት። የትምህርት ቤት አዳራሽም ሆነ ውጭ አገር የምትከራዩት የማኅበረሰብ አዳራሽ ያው ነው። የሚለየው ኤሌክትሪኩና የእሳት ደንቡ ነው፤ እሱን ቦታው ላይ እናነሳዋለን።

ደረጃ 1፦ አዳራሹን ለኩ (8 ሳምንት ሲቀር)

አንድም እንቅስቃሴ ሳትፈጥሩ ሜትር ይዛችሁ ሂዱ። ብዙ ቡድን ይህን የሚያደርገው በመጨረሻው ሳምንት ነው። ያኔ የተለማመዱት 10 ሜትር ላይ ሆኖ መድረኩ 6 ሜትር ይሆናል።

1. የመድረኩን ስፋት፣ ጥልቀትና ከፍታ ለኩ። ከጣሪያ የተንጠለጠለ መብራት ካለ የሱንም ከፍታ መዝግቡ።
2. ከኋላ ግድግዳው እስከ መጋረጃው ያለውን ርቀት ለኩ። የፕሮጀክተሩ ቦታ የሚወሰነው በዚህ ነው።
3. መስኮቶቹን ቁጠሩ። ዝግጅቱ በቀን ከሆነ በምን እንደምትሸፍኑ አሁኑኑ ወስኑ። ያልተሸፈነ አንድ ትልቅ መስኮት ቪዲዮውን ይገድለዋል።
4. ሶኬቶቹን ቁጠሩ። የትኞቹ በአንድ ብሬከር እንደሚሠሩ ጠይቁ። የሚያውቅ ሰው ከሌለ በፈቃድ አንዱን ብሬከር አጥፉና የትኛው ሶኬት እንደሞተ እዩ።
5. በባዶ እግራችሁ መድረኩ ላይ ተራመዱ። ሚስማር፣ የተሰነጠቀ ጣውላ፣ የሚያንሸራትት ሴራሚክ ካለ እግራችሁ ይነግራችኋል።

ወለሉ ሲሚንቶ ወይም ሴራሚክ ከሆነ ዝላይና የጉልበት መውደቅ ያለበትን እንቅስቃሴ ከአሁኑ ቀንሱ። "በዕለቱ ምንጣፍ እናነጥፋለን" አይሠራም። ምንጣፍ ይንሸራተታል፣ ይጠቀለላል፣ ጣት ይይዛል።

ወደ ቤት ስትመለሱ የመድረኩን ልክ በልምምድ ቦታችሁ ወለል ላይ በፕላስተር ምልክት አድርጉ። ከዚያ መስመር ውጭ አንድም እርምጃ አትለማመዱ።

ደረጃ 2፦ ቅደም ተከተሉንና መሪውን ወስኑ

ሁሉም ሰው በመሬት መጀመር ይፈልጋል። ሰው ከአፈር ተሠራ፣ ስለዚህ ከአፈር እንነሳ ይባላል። ሀሳቡ ጥሩ ነው፤ ለወለሉ ግን መጥፎ ነው። መሬት ክፍል ላይ ገለባ ወይም ቅጠል ትበትናላችሁ። ቀጥሎ ውሃ ሲመጣ ተወዛዋዡ ገለባ ላይ ይንሸራተታል። ለመጥረግ ሦስት ደቂቃ መድረኩ ባዶ ይሆናል፤ ተመልካችም ስልኩን ያወጣል።

ስለዚህ መሬትን መጨረሻ አድርጉ። ወደ አፈር መመለስም ያው የቃሉ ትርጉም ነው፣ ማንም አይከፋም። እኔ የምጠቀምበት ቅደም ተከተል ነፋስ፣ እሳት፣ ውሃ፣ መሬት ነው።

አሁን ዋናው ነገር። በእያንዳንዱ ክፍል አንድ መሪ ብቻ ይኑር። የቀሩት ዝቅ ይበሉ።

ነፋስ (5 ደቂቃ)፦ መሪው ሙዚቃው ነው። ዋሽንት ብቻውን ይጀምራል። መድረኩ ባዶ ነው። ቪዲዮ የለም፣ ወይም በጣም ደብዛዛ ነው።

እሳት (4 ደቂቃ)፦ መሪው ውዝዋዜው ነው። ስክሪኑን አጥፉት። አዎ፣ አጥፉት። እሳት በቪዲዮ ማሳየት የመጀመሪያው ፈተና ነው፤ የነበልባል ምስል ከፊቱ የቆመን ሰው የትከሻ እንቅስቃሴ ይበላል። እሳት አጭር መሆን አለበት። ከ4 ደቂቃ በላይ ከሄደ ተወዛዋዡም ተመልካቹም ይደክማል።

ውሃ (7 ደቂቃ)፦ መሪው ምስሉ ነው። ተወዛዋዦቹ ነጭ ለብሰው ራሳቸው ስክሪን ይሆናሉ። ፕሮጀክተሩን የተከራያችሁት ለዚህ ክፍል ነው።

መሬት (6 ደቂቃ)፦ መሪው የከበሮና የእግር ድምፅ ነው። ስክሪኑ እንደገና ይጠፋል።

ይህን በአንድ ወረቀት ጽፋችሁ ልምምድ ቦታው ግድግዳ ላይ ለጥፉት። ክርክር ሲነሳ (ይነሳል፣ በተለይ ከቪዲዮው ልጅ ጋር) ወደ ወረቀቱ ጠቁሙ።

ማስጠንቀቂያ፦ የአንዱን አካባቢ ጭፈራ ለአንድ ባሕርይ አትለጥፉ። "ጉራጌ ለመሬት፣ ጎንደር ለእሳት" የሚለው ክፍፍል ቀላል ይመስላል። ግን ጭፈራውን ያሳንሰዋል፣ አዳራሽ ውስጥም የሚያኮርፍ ሰው አይጠፋም። ከጭፈራዎቹ የምትወስዱት የእንቅስቃሴውን ጠባይ ይሁን። ክብደት ወደ ታች የሚወርድበት፣ ትከሻ የሚንቀጠቀጥበት፣ አንገት የሚፈስበት። እስክስታ ቀስ ብሎ ሲሠራ ውሃ ይሆናል። በፍጥነት ሲሠራ እሳት ነው።

ደረጃ 3፦ ሙዚቃውን ከዋሽንቱ ጀምራችሁ ገንቡ (7 ሳምንት ሲቀር)

ብዙዎች ኪቦርድ ላይ ትራክ ሠርተው ሲያበቁ ዋሽንት ነፊ ይጠራሉ። ይህ ተገላቢጦሽ ነው። ክራር ይቃኛል። ማሲንቆ ጣት በሄደበት ይሄዳል። ዋሽንት ግን ቀዳዳው አንዴ ተበስቷል፤ ድምፁን መለወጥ የሚቻለው ሌላ ዋሽንት በማንሳት ነው። ነፊዎች ብዙ ዋሽንት ይዘው የሚዞሩት ለዚህ ነው።

1. ዋሽንት ነፊውን መጀመሪያ ጥሩት። የሚወደውን ዋሽንት ይምረጥ።
2. ዋሽንቱ አምስት ደቂቃ ያህል ከተነፋ በኋላ ድምፁን በስልክ መቃኛ አፕ ለኩ። ቀዝቃዛ ዋሽንት ድምፁ ዝቅ ይላል፤ ሲሞቅ ከፍ ይላል። በቀዝቃዛው ለክታችሁ ትራክ ከሠራችሁ በዕለቱ አይገጥምም።
3. ክራሩን በሱ ቃኙ።
4. የሚቀዳ ነገር ካለ አሁን ቅዱት። ከዚህ በፊት አይደለም።

ቅኝት ላይ አንድ ወጥመድ አለ። አራት ባሕርይ፣ አራት ቅኝት። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ። ግጥምጥሞሹ ያጓጓል። አታድርጉት። በየክፍሉ ክራር እንደገና መቃኘት ማለት ሦስት ጊዜ ሰው ፊት ጭን ላይ አቀርቅሮ ክር ማጥበቅ ማለት ነው። ሁለት ቅኝት ይበቃል። እኔ ነፋስን፣ ውሃንና መሬትን በትዝታ፣ እሳትን በአንቺሆዬ አደርጋለሁ። የአንቺሆዬ ድምፆች እርስ በርስ ሲቆነጣጠጡ ለእሳት ይመቻሉ። ሁለት ክራር አዘጋጁና አንዱን ለእሳት ብቻ ቃኝታችሁ አስቀምጡ።

ከበሮውን አትርሱ። ቆዳው እርጥበት ሲነካው ይላላል፣ ድምፁም ይሞታል። በክረምት ከሆነ ቀን ፀሐይ ላይ አቆዩት። ማታ ከሆነ ሙቀት ያለበት ክፍል ይቆይ። ምድጃ ላይ አታስጠጉት፤ ቆዳው ይሰነጠቃል።

የድምፅ ነገር

ማንኛውም የተቀዳ ድምፅ በገመድ ይሂድ። ብሉቱዝ ስፒከር ድምፁን የሚያዘገየው በሰከንድ ክፍልፋይ ነው፤ ያ ክፍልፋይ ግን እግርና ከበሮን ለማለያየት በቂ ነው። ስፒከሮቹ ወደ ተመልካች ብቻ ከዞሩም ተወዛዋዡ የሚሰማው ከአዳራሹ ጀርባ ተንጸባርቆ የመጣውን ነው። አንድ ትንሽ ስፒከር መድረኩ ጎን ወደ ውስጥ አዙሩ። ማይኮቹ ግን ከሱ ፊት አይቁሙ፤ ይጮኻል።

ካልሆነ፦ ማይክ ከጮኸ መጀመሪያ የመድረኩን ስፒከር ዝቅ አድርጉ። ካልቆመ ማይኩን ወደ መሣሪያው አስጠጉና ድምፁን ከሚክሰሩ (ከድምፅ ማቀላቀያው) ቀንሱ። ሁሉንም አንድ ላይ አትነካኩ፤ የቱ እንደሠራ አታውቁም።

ደረጃ 4፦ እንቅስቃሴውን ሥሩ (ከ7 እስከ 3 ሳምንት)

ይህን ክፍል አሳጥረዋለሁ፤ ኮሪዮግራፈራችሁ ከኔ በላይ ያውቃል። ሦስት ትእዛዝ ብቻ።

አንደኛ፣ ለእያንዳንዱ ባሕርይ አንድ ደንብ ስጡ። ለነፋስ፦ ማንም አይቆምም። ለእሳት፦ እግር ከቦታው አይነቃነቅም፣ ከወገብ በላይ ብቻ። ለውሃ፦ እንቅስቃሴ ከአንዱ ሰው ወደሚቀጥለው ይተላለፋል። ለመሬት፦ ሁሉም በአንድ ላይ፣ ጉልበት ታጥፎ። ደንብ ከሌለ አራቱ ክፍል አንድ ይመስላል።

ሁለተኛ፣ ተወዛዋዡ ቪዲዮውን እያየ አይለማመድ። በዕለቱ ቪዲዮው ከኋላው ነው። ዞሮ ካየው አለቀለት። ምልክቱን ከከበሮ ወይም ከዋሽንት ይውሰድ።

ሦስተኛ፣ ለእያንዳንዱ ክፍል የማምለጫ ዙር ይኑር። ስምንት ምት ያህል የሆነ፣ ሁሉም በእንቅልፉ የሚያውቀው፣ የፈለጉትን ያህል የሚደጋገም እንቅስቃሴ። አንድ ነገር ሲበላሽ ከበሮ መቺው ሦስት ጊዜ ጠንከር አድርጎ ይመታል፤ ሁሉም ወደዚያ ዙር ይገባል። ይህን በደንብ ተለማመዱ። ኋላ እንመለስበታለን።

ደረጃ 5፦ ስክሪኑና ፕሮጀክተሩ (5 ሳምንት ሲቀር)

ጥላውን አስወግዱ

ፕሮጀክተር በአዳራሹ መሐል ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠ ተወዛዋዡ በብርሃኑ መንገድ ላይ ነው። ሦስት መፍትሔ አለ። ከምወደው ልጀምር።

1. ከኋላ ማብራት። ስስ ጨርቅ ትሰቅላላችሁ፤ ፕሮጀክተሩ ከጨርቁ ጀርባ ይሆናል። ጥላ የለም። ቦታ ግን ይፈልጋል። የፕሮጀክተሩ መግለጫ ላይ "ትሮው ሬሾ" የሚባል ቁጥር አለ። ቁጥሩን በምትፈልጉት የምስል ስፋት አባዙት። ቁጥሩ 1.5 ከሆነና 4 ሜትር ስፋት ከፈለጋችሁ 6 ሜትር ርቀት ያስፈልጋል። "ሾርት ትሮው" የሚባለው ዓይነት፣ ቁጥሩ 0.5 ከሆነ፣ 2 ሜትር ይበቃዋል። ስትከራዩ ይህን ቁጥር ጠይቁ። ከኋላ ሲበራ ምስሉ ስለሚገለበጥ በፕሮጀክተሩ ሜኑ ውስጥ "ሪር" የሚለውን ምረጡ።
2. ከላይ በቁልቁለት ማብራት። ፕሮጀክተሩ ከፍ ብሎ ይታሰራል፣ ጥላው ወለሉ ላይ ይወድቃል። በጠንካራ ማሰሪያ ካልታሰረ እና ሁለተኛ የደኅንነት ገመድ ከሌለው ከሰው በላይ አትስቀሉ።
3. ጥላውን መጠቀም። ውሃ ክፍል ላይ ሆን ብላችሁ ተወዛዋዦቹን ብርሃኑ ውስጥ አስገቡ። ይህ የሚሠራው ጥላው ታስቦበት ሲገባ ብቻ ነው።

ጨርቁ

ከሽሮ ሜዳ ያልተደረበ ስስ ነጭ ሸማ ግዙ። ነጠላ ሁለት ድርብ ነው፤ እናንተ የምትፈልጉት አንዱን ነው። በእጅ የተሸመነ ጨርቅ ወርዱ ጠባብ ስለሆነ መጋጠም አለበት። ስፌቱ በብርሃን መስመር ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ስፌቱ ወደ ታች እንዲወርድ አድርጋችሁ ስቀሉት፤ የዝናብ መስመር ይመስላል። አግድም ከሆነ የተቀደደ አንሶላ ይመስላል። ውጭ አገር ያላችሁ ስስ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ይበቃችኋል።

ለውሃ ክፍል ሌላ አማራጭ የሙሽራ ቬሎ የሚሠራበት መረብ ጨርቅ ነው። ከፊት ሲበራበት ምስል ይይዛል። ከኋላው ያለ ሰው ላይ ሲበራ ጨርቁ ይጠፋና ሰውየው ይታያል። ተወዛዋዡ ከውሃ ውስጥ ብቅ ያለ ይመስላል። ነገር ግን ይህ ጨርቅ በቀላሉ ይቀጣጠላል። ከሚግል አምፖል ቢያንስ ሁለት ሜትር አርቁት።

የታችኛውን ጠርዝ አጥፋችሁ ስፉና ውስጡ ዱላ ወይም ቱቦ አስገቡ። ካልከበደ ቬንትሌተር ሲነሳ ምስሉ ሁሉ ይደንሳል።

ብርሃን ይበቃል?

ስፋት ሲጨምር ብርሃን በፍጥነት ይወድቃል። ምስሉን ከ3 ሜትር ወደ 6 ሜትር ብታሰፉት ብርሃኑ ሩብ ይሆናል። 3000 ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ያለው ፕሮጀክተር ካላችሁ በ3 ሜትር ተወሰኑ። ትንሽ ብሩህ ምስል ከትልቅ ደብዛዛ ምስል ይሻላል።

ደረጃ 6፦ ምስሎቹን ራሳችሁ ቅረጹ (ከ5 እስከ 3 ሳምንት)

ከኢንተርኔት የወረደ ፏፏቴ አትጠቀሙ። ባለቤት አለው። ደግሞም ሰው ሁሉ አይቶታል።

ውሃውን እንዲህ ሥሩ። ሰፊ ትሪ ላይ ፊት የሚታይበት መስታወት አስቀምጡ። ሁለት ጣት ያህል ውሃ አፍስሱ። ክፍሉን አጨልሙ። ከጎን በጠንካራ ባትሪ መብራት መስታወቱ ላይ አብሩ። ግድግዳው ላይ የሚንቀጠቀጥ የብርሃን መረብ ይታያል። ውሃውን በጣት ነካ አድርጉና ግድግዳውን በስልክ ቅረጹ። ስልኩ በሰከንድ 120 ፍሬም የሚቀርጽ ከሆነ ተጠቀሙበት፤ በ30 ሲጫወት አራት እጥፍ ይዘገያል። በሶኬት የሚሠራ መብራት ወደ ትሪው አታስጠጉ፤ ባትሪ ብቻ።

በሶኬት መብራት ስር ሌላ ነገር ስትቀርጹ መስመር መስመር ካለ መብራቱ እየተርገበገበ ነው። በተለመደው ፍሬም (በ120 ሳይሆን) የካሜራውን ሻተር፣ ማለትም ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ፣ 1/50 ሰከንድ ላይ አድርጉ። አሜሪካ ያላችሁ 1/60።

ቪዲዮውን ስታዘጋጁ፦

የምስሉን ጠርዝ ሁሉ ቀስ እያለ ወደ ጥቁር እንዲደበዝዝ አድርጉ። አራት ማዕዘን ጠርዝ ከታየ የስብሰባ ፓወርፖይንት ይመስላል።

ድምፁን ከቪዲዮው ሙሉ በሙሉ አውጡ። "እናጠፋዋለን" አትበሉ። አንዴ ዋሽንት እየተነፋ ስልክ ያዥው ልጅ "አብራው፣ አብራው!" የሚለው በስፒከር ወጥቶብናል።

ብልጭ ድርግም የሚል ነገር በሰከንድ ከ3 ጊዜ በላይ አይሁን። የሚጥል ሕመም ያለበት ሰው ተመልካች ውስጥ ሊኖር ይችላል። ለመድረክ መብራትም ይኸው ነው።

ሙዚቃው ቀጥታ ስለሆነ አንድ ረጅም ቪዲዮ አትሥሩ። ዋሽንት ነፊው ሲመስጠው ሃያ ሰከንድ ይጨምራል። እያንዳንዱ ምስል ለብቻው ይሁን፣ እስኪታዘዝ ድረስ ይደጋገም። በመሐላቸው ጥቁር ገጽ አስገቡ። ማክ ያለው ኪውላብ የሚባለውን ፕሮግራም፣ ሌላው ኦቢኤስ የሚባለውን መጠቀም ይችላል። ፓወርፖይንትም ይሠራል፤ አትፈሩ። ፋይሎቹ ላፕቶፑ ውስጥ ይሁኑ። ከፍላሽ ወይም ከኢንተርኔት አታጫውቱ።

ደረጃ 7፦ ኤሌክትሪክና መብራት (3 ሳምንት ሲቀር)

የሁሉንም ዕቃ ዋት ደምሩ። ኢትዮጵያ ውስጥ 220 ቮልት ነው፤ 10 አምፔር የሚችል ኤክስቴንሽን 2200 ዋት ይሸከማል። አሜሪካ 120 ቮልት፣ 15 አምፔር ሲሆን 1800 ዋት ነው፤ ለረጅም ሰዓት ግን ከ1440 አትለፉ። አሮጌ ባለ 1000 ዋት መብራት ሁለት ከሰካችሁ አለቀ። ኤልኢዲ ተከራዩ።

ድምፁና ፕሮጀክተሩ በአንድ መስመር፣ መብራትና ቬንትሌተር በሌላ መስመር ይሁኑ። ብሬከር ሲወርድ ቢያንስ አንዱ ይቆያል። ቡና የሚፈላበት ምድጃ ደግሞ በሦስተኛ መስመር! ይህን ለአስተናጋጆቹ በግልጽ ንገሩ። ትርዒት መሐል ምድጃ ሰክቶ ብሬከር የሚያወርድ እናት ወይም አባት አይጠፋም።

ጥቅልል ገመድ ካላችሁ ሙሉ በሙሉ ዘርጉት። እንደተጠቀለለ ብዙ ኃይል ሲሸከም ይግላል፣ ሊቃጠልም ይችላል። ወለል ላይ ያለን ገመድ ሁሉ በፕላስተር ለጥፉ።

መብራቱን ከፊት አታብሩ። ከፊት የበራ መብራት ተወዛዋዡን አልፎ ስክሪኑ ላይ ይወድቃል። ከሁለቱ ጎን፣ በወገብ ከፍታ አብሩ። ትከሻና አንገት የሚታየው እንዲህ ሲሆን ነው፤ እስክስታ ደግሞ ያለዚያ ምንም አይደለም።

ደረጃ 8፦ መድረክ ላይ ምን ይውጣ፣ ምን አይውጣ

ነፋስ። ሰፋፊ ቀላል ጨርቅና ቬንትሌተር። ቬንትሌተሩ መከላከያ ወንፊት ይኑረው። ረጅም ሹሩባና ዘርፋፋ ነጠላ ከሁለት ሜትር በላይ አይቅረቡት። ወደ ዋሽንቱ ማይክ አታዙሩት፤ ዋሽንቱ ይጠፋና የማዕበል ድምፅ ብቻ ይሰማል።

እሳት። እውነተኛ እሳት የለም። ሻማ የለም፣ ችቦ የለም፣ ፍም የለም። የአንድ ነጠላ ጫፍ ቢነካው ለቃጠሎ ይበቃል። ከታች ወደ ላይ ብርቱካናማ መብራት፣ ቀይና ቢጫ ቁራጭ ጨርቅ በእጅ። ዕጣን ማጨስ ካማራችሁ ውጭ ያለው መግቢያ ላይ አጭሱ። ውጭ አገር አዳራሽ ውስጥ የጭስ ማስጠንቀቂያ ይጮኻል፣ የእሳት አደጋ መኪና ሊመጣ፣ ሂሳቡም ለእናንተ ሊሆን ይችላል። የጭስ ማሽን ከፈለጋችሁ አስቀድማችሁ በጽሑፍ አስፈቅዱ።

ውሃ። ጠብታ ውሃ ወለል ላይ አይውጣ። ኤሌክትሪክ አለ፣ ባዶ እግር አለ። ደረቅ በረዶም አትጠቀሙ። ከጭጋጉ ጋር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፤ ከአየር ስለሚከብድ ወለሉ ላይ ይተኛል። ውሃ ክፍል ላይ ወለሉ ላይ የሚተኛው ማን ነው? ተወዛዋዡ። በዚህ ፈንታ 8 ሜትር ስስ ጨርቅ በሁለት ጫፍ ይዛችሁ አወዛውዙ።

ልብሱ ነጭ ይሁን፤ አበሻ ቀሚስ ምስልን በደንብ ይቀበላል። ጥልፉ ግን ጠባብ ይሁን። የሚያብረቀርቅ ሰፊ ጥበብ ምስሉን ይሰብረዋል።

መሬት። እውነተኛ አፈር አታምጡ። ይቦናል፣ ዘፋኙን ያስለዋል፣ ፕሮጀክተር ውስጥ ይገባል። ንጹሕ ገለባ ወይም ደረቅ ቅጠል፣ በእጅ ተለቅሞ እሾህ የወጣለት፣ በመድረኩ ፊት ለፊት ብቻ። ልብሱ ጠቆር ይበል። ወለሉ ጣውላ ከሆነ ከስሩ አንድ ማይክ አስቀምጡ። የእግሩ ድምፅ ከበሮ ይሆናል።

ደረጃ 9፦ የምልክት ሠንጠረዥ

አንድ ወረቀት፣ አምስት ዓምድ። ተራ ቁጥር፣ ምልክቱ ምንድን ነው (ለምሳሌ "ዋሽንት ለሁለተኛ ጊዜ ሲወርድ")፣ መብራት፣ ምስል፣ ድምፅ። ለ25 ደቂቃ ከ30 ምልክት በላይ ካለ በዝቷል።

ምልክት የሚጠራው አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱ አይጨፍርም፣ መሣሪያ አይጫወትም፣ እንግዳ አይቀበልም። "ተዘጋጅ 12" ይላል። ቀጥሎ "12 ሂድ" ይላል። "እሺ አሁን" አይባልም፤ ሰው በወሬ መሐል "እሺ" ሲል ምስሉ ይቀየራል።

ደረጃ 10፦ ሦስቱ የመጨረሻ ልምምዶች

የመጀመሪያው ያለ ተወዛዋዥ። መብራት፣ ምስልና ድምፅ ብቻ። ከምልክት ወደ ምልክት ዝለሉ። አሰልቺ ነው፣ አራት ሰዓት ይፈጃል፣ ግን አትዝለሉት።

ሁለተኛው ከሁሉም ጋር፣ እያቆማችሁ። አንድ የማያውቃችሁ ሰው ከኋላ ወንበር አስቀምጡ። በየክፍሉ መሐል "ማንን እያየህ ነው?" በሉት። መልሱ ከወረቀታችሁ መሪ ጋር ካልገጠመ ሌላውን ዝቅ አድርጉ። መሪውን ከፍ አታድርጉ። ከፍ ማድረግ ማለት ሁሉም ተራ በተራ ሲጮህ ማደር ነው።

ሦስተኛው ሳይቆም፣ በልብስ። መሐል ላይ ለማንም ሳትናገሩ ዋናውን መብራት አጥፉ። የማምለጫውን ዙር ያስታውሳሉ? ካላስታወሱ ድገሙ።

በዕለቱ

ፕሮጀክተሩን ከ30 ደቂቃ በፊት አብሩ። ላፕቶፑ ላይ ማሳወቂያዎችን፣ እንቅልፍ ሁነታን፣ አፕዴትን፣ ዋይፋይን አጥፉ። ቻርጀሩን ሰኩ። ስክሪኑ ላይ ጥቁሩን ገጽ አሳዩ። ዋሽንቱ ይሙቅ፣ ክራሮቹ መብራቱ በርቶ ይቃኙ፤ የመብራት ሙቀት ክር ያላላል። ወለሉን ጥረጉ። ከዚያ በሩን ክፈቱ።

ሲበላሽ

መብራት ሄደ። ከበሮ መቺው ወዲያው ሦስት ጊዜ ይምታ፤ ተወዛዋዦቹ ወደ ማምለጫ ዙር ይግቡ። ከበሮና ዋሽንት ኤሌክትሪክ አይፈልጉም። ከኋላ የቆሙ ሁለት ሰዎች በባትሪ መብራት ከጎን ያብሩ። ፕሮጀክተሩ አምፖል ያለው ዓይነት ከሆነ መብራቱ እንደመጣ አይነሳም፤ እስኪቀዘቅዝ ጥቂት ደቂቃ ይፈልጋል። ስለዚህ ውሃ ክፍል ላይ ከሆናችሁ ምስሉን አትጠብቁ፤ ወደ መሬት እለፉ። ስክሪን አይፈልግም። መሬትን መጨረሻ ያደረግነው ለዚህም ጭምር ነው።

ምስሉ "ሲግናል የለም" አለ። አብዛኛውን ጊዜ ገመዱ ነው። ኤችዲኤምአይ ገመድ ከ10 ሜትር በላይ ሲረዝም ማስቸገር ይጀምራል። አጭር መለዋወጫ ገመድ ከጎናችሁ ይኑር። ሰማያዊው ጽሑፍ እንዳይታይ መጀመሪያ የፕሮጀክተሩን ሌንስ በካርቶን ሸፍኑ።

ክራር ክር በጠሰ። የእሳቱ ክራር ከሆነ ማሲንቆው ይተካው። የትዝታው ከሆነ ደግሞ በቀሩት ክሮች ይቀጥል፤ ክር አይቀይር።

ተወዛዋዥ ወደቀ። ራሱ ከተነሳ ማንም አይንካው፣ ይቀጥላል። ካልተነሳ ምልክት ጠሪው "ጥቁር" ይበል። ሁሉም መብራት ይጥፋ፣ ሙዚቃው ይቁም፣ የአዳራሹ መብራት ይብራ። እዚህ ላይ ማምለጫ ዙር የለም።

ሕፃን መድረክ ላይ ወጣ። ይወጣል፣ በተለይ ጨርቁ ሲወዛወዝ። ነፋስ ክፍል ላይ ከሆነ ተዉት፣ ያምርበታል። ሌላው ክፍል ላይ ግን ከጎን የቆመ ሰው እጁን ይዞ ያውርደው። አስቀድማችሁ አንድ ሰው መድቡ፤ ካልሆነ እናቱ ፕሮጀክተሩ ፊት ተነስታ ስሙን ትጣራለች።

ካለቀ በኋላ

ፕሮጀክተሩን ከሶኬት አትንቀሉ። በሪሞት አጥፉትና ማራገቢያው እስኪቆም ጠብቁ። ስሱን ሸማ አትጠፉት፤ ቱቦ ላይ ጠቅልሉት፣ አለበለዚያ በሚቀጥለው ጊዜ ምስሉ ላይ ጭረት ይታያል። ገለባውን የሚጠርግ ሰው ከመጨፈሩ በፊት መመደብ አለበት፤ ከጭብጨባው በኋላ ፈቃደኛ አይገኝም።